ለምሳ የተዘጋ መዝገብ፤ ከአዳማ ኒው ሆፕ ደርሶ መልስ

አሜሪካ የወሰደኝ ምሳ ነው። ሌላው ሰው በሎተሪ ይሄዳል፣ በትምህርት ይሄዳል፣ ልጁ ጋብዞት ይሄዳል። እኔን የወሰደኝ ከአሥራ ሦስት ዓመት በፊት አንድ ዓርብ ቀን የበላሁት የጾም በያይነቱ ነው። እዚያ ለማትሄዱ፣ ብትሄዱም በሕግ ጉዳይ ለማትጠመዱ ሰዎች ይሆናል ብዬ የገጠመኝን ቀን በቀን ጽፌዋለሁ። ሕንፃና ሐይቅ የምትፈልጉ ፖስት ካርድ ግዙ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አዳማ ፍርድ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ሬጅስትራር ነበርኩ። ሬጅስትራር ማለት መዝገብ ከፋች፣ ቀጠሮ ጻፊና ማኅተም ጠባቂ ነው። ዳኛ ሲሳሳት በይግባኝ ይታረማል፤ ሬጅስትራር ሲሳሳት ግን ማንም አያውቅም። ቱሉና ጫልቱ የሚባሉ ባልና ሚስት ጎረቤቶቼ ነበሩ። ዘጠኝ ዓመት ልጅ አጥተው ሲኖሩ ከቱሉ ጎሳ አንዲት የሦስት ወር ሕፃን በጉዲፈቻ ወሰዱ። ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ በግ ታርዶ፣ ጫልቱ በአባ ገዳው ፊት ማለች። መሐላዋም ይህችን ልጅ አልወለድኳትም የሚል ቃል ከአፌ አይወጣም የሚል ነበር። እኔም ጎረቤት ነኝና ተገኝቻለሁ፤ ከበጉም ደርሶኛል። ልጅቷ ለሊሴ ተባለች።

በሳምንቱ ዓርብ ሕፃኗን ታቅፈው ፍርድ ቤት መጡ። በሕጉ ጉዲፈቻ በዳኛ መጽደቅ አለበትና መዝገብ እንድከፍትላቸው ነው። ሰዓቱ ለስድስት አሥር ጉዳይ ነበር። ከፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ያለው ምግብ ቤት የዓርብ በያይነቱ ትንሽ ከዘገዩበት ያልቃል። ድምፄን አለስልሼ፣ "አባ ገዳ ፊት ከተማለ ወዲያ ምን ወረቀት ያስፈልጋል? መዝገብ ከተከፈተ ጉዲፈቻ የሚለው ቃል ልጅቷ ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ይዛችኋት ግቡ" አልኳቸው። ለአሳቢነቴ አመስግነውኝ ሄዱ። በያይነቱም ጥሩ ነበር።

ከዚያ በኋላ ቱሉ ተሰደደ። ሚኒሶታ ጥገኝነት አግኝቶ ሚስቱንና ልጁን ጠራ። የጫልቱ ፈቃድ ሲመጣ የልጅቷ ሰነድ ይቀረዋል ተባለ፤ ጫልቱ ካልተጓዘች ደግሞ የእሷም ፈቃድ ሊቃጠል ሆነ። አምስት ዓመት የሞላትን ለሊሴን እህቷ ዘንድ ለስድስት ወር ብላ ትታት ሄደች። ይኸው ስምንት ዓመት ሆነ። በመጨረሻ የእናትና የልጅ ምራቅ ይመርመር ተባለና ከዚህም ከዚያም ከጉንጫቸው በጥጥ ተወሰደ፤ ውጤቱ በደም አይገናኙም የሚል ሆነ። ቀበሌ የሰጠው የልደት ወረቀት ግን ጫልቱን ወላጅ እናት ይላል፤ ሰፈሩ በሙሉ እንዲያ ብሎ ስለመሰከረ። ስለዚህ ማጭበርበር ይመስላል፣ መልስ ካላችሁ ቀርባችሁ አስረዱ የሚል ደብዳቤ ከአሜሪካ ኢሚግሬሽን ደረሳቸው። በነጻ የቆመችላቸው ጠበቃ ሥርዓቱን በዓይኑ ያየ ሰው አምጡ ስትላቸው ቱሉ ለእኔ ደወለ። "ጋሼ ግዛው፣ ያኔም በምክርዎ ረድተውናል" አለኝ። ይህን ሰምቶ አልሄድም ማለት ከእኔ አቅም በላይ ነበር።

የመጀመሪያው ቀን

ቪዛ የሰጠችኝ ቆንስል ጡረታዬንና ወገቤን አይታ ይሄስ ይመለሳል ያለች ይመስለኛል። ጊዜው ሁዳዴ ነው። ዓርብ ከሰዓት ወደ ቦሌ ለመነሳት መናኸሪያ ስደርስ ለሊሴ ቀድማኝ ቆማለች። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ቁመቷ ግን የእኔን አልፏል። ባለ ክዳን የፕላስቲክ ዕቃ ሙሉ ጭኮ ይዛለች። ለማያውቅ፣ ጭኮ የተቆላ ገብስ ዱቄት በንጥር ቅቤ የታሸ ነው፤ መንገደኛ ይሰንቀዋል።

"ለእናቴ ነው" አለችኝ። "እኔ ነኝ የሠራሁት። አክስቴ አልነካችውም በሏት።"

ለለሊሴ የጥጡን ነገር የጤና ምርመራ ነው ብለናታል። ጉዲፈቻ መሆኗን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ እሷ ግን አታውቅም ብለን ተስማምተን ነው የምንኖረው። ዕቃውን ተቀብዬ አገላብጬ ሳምኳትና አውቶብሱ ውስጥ ገባሁ።

ሁለተኛው ቀን

ዋሽንግተን ላይ ጉምሩክ ያዘኝ። ጓንት ያጠለቀች መኮንን ጭኮውን ከፈተችው። ቡናማ ነው፣ ይሸታል፣ ሲጫኑት እንደ ጭቃ ነው። ምንድን ነው ስትለኝ በምልክት አፌን አሳየኋት። እሷም በምልክት እስቲ ብላ አለችኝ። ቅቤ ነዋ! ሁዳዴ ነዋ! በስልሳ አራት ዓመቴ ጾም የምገድፈው ለአሜሪካ ጉምሩክ ነው? ጭንቅላቴን ነቀነቅሁ። የራሱን ምግብ አልበላም የሚል ሽማግሌ ስታይ ባልደረቧን ጠራች፤ ባልደረባዋ ውሻ ይዞ መጣ። ውሻው ጭኮውን ወደደው።

ያዳነችኝ ተሽከርካሪ ወንበር የምትገፋ የሐረር ልጅ ናት። ስለ ሁዳዴ፣ ስለ ቅቤና ስለ ገብስ በአንድ ትንፋሽ አስረዳቻቸው። ከዚያ በማንኪያ ቆንጥራ ራሷ ቀመሰችላቸው፤ ጨው በዝቶበታል ብላ በአማርኛ ነገረችኝ። መኮንኗ ሳቀችና አሳለፈችኝ። የእኛ ጉምሩክ ቢሆን ውሻ ባያመጣ እንኳ ግማሹን ቀምሶ ይጨርሰው ነበር።

ሚኒያፖሊስ ስደርስ ቱሉ ብሉሚንግተን የሚሠራበትን ሆቴል ዩኒፎርም እንደለበሰ ጠበቀኝ። ሥራው እንግዳ ከአየር ማረፊያ ሆቴል ማመላለስ ነው። "ቀኑን ሙሉ ሰው ፒክ አደርጋለሁ፤ የራሴን ሰው ፒክ ሳደርግ ግን የመጀመሪያዬ ነው" አለኝ። መኪና ውስጥ ስለ ሥራ ሺፍቱ፣ ስለሚከፍለው ቢል፣ ስለ ጎማው ነገረኝ። ስለ ለሊሴ አንድም አልጠየቀኝም። የሚኖሩባት ኒው ሆፕ ከተማ ደርሰን መኪናውን ካቆመ በኋላ ግን እጁን ከመሪው ሳያነሳ፣ "ቁመቷ ስንት ደረሰ?" አለ። ከእኔ ትበልጣለች ስለው ወርዶ ሻንጣዬን አነሣ።

ቤታቸው ባለ ሦስት ፎቅ አፓርትመንት ውስጥ ነው። ከእኛ ኮንዶሚኒየም የሚለየው ደረጃው ምንጣፍ ያለው መሆኑና ጎረቤት ሰላም የማይባባል መሆኑ ነው። እዚያ የተወለደችው ልጃቸው ሲፈን ሰባት ዓመቷ ነው፤ እናቷ በአማርኛም በኦሮምኛም ትጠራታለች፣ እሷ በእንግሊዝኛ ትመልሳለች። የተሰጠኝ አልጋ የእሷ ክፍል ውስጥ ያለው ሁለተኛው ነው። ሮዝ ቀለም ያለው፣ ራስጌው ላይ ቢራቢሮ የተሳለበት የልጅ አልጋ ነው። ጫልቱ አሜሪካ የገባች ሰሞን ለአምስት ዓመት ልጅ የገዛችው ነው። አንሶላው በየሳምንቱ ይታጠባል፤ ተኝቶበት የሚያውቅ ሰው የለም። እኔ ስተኛበት እግሬ ከጉልበት በታች ውጭ አደረ። ጠዋት ጫልቱ እግሬን አይታ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋን አቋርጣ ለሊሴም እኮ አይበቃትም ብላ ወደ ወጥ ቤት ገባች።

ጭኮውን ስሰጣት በጣቷ ቆንጥራ ቀመሰች። "ጨው በዝቶበታል" አለች። ዕቃውን ግን ማንም እንዲነካው አልፈቀደችም።

ሦስተኛው ቀን

እሑድ ክሪስታል በምትባል ጎረቤት ከተማ ወደሚገኘው የአማርኛ ቤተ ክርስቲያናቸው ወሰዱኝ። እነሱ ወንጌላውያን ናቸው፣ እኔ ደግሞ ተዋሕዶ። የኋላ ወንበር ላይ ኮፍያዬን ይዤ ተቀመጥኩ፤ ማንም አላስቸገረኝም። ፓስተሩ ስለ ወረቀታችን ጸለየ። በሕይወቴ ለሰው ሲጸለይ ሰምቻለሁ፣ ለበሬ ሲጸለይ ሰምቻለሁ፣ ለፋይል ሲጸለይ ግን የመጀመሪያዬ ነው። ለፋይል የሚጸለይ ቢሆን ኖሮ የእኔ ቢሮ ስንት ታምር ይታይበት ነበር።

ከጸሎቱ በኋላ ምሳ ቀረበ፤ ዶሮም ሥጋም ነው። አንዲት እናት ጾመኛ መሆኔን ሰምተው ከመኪናቸው የራሳቸውን ምስር አምጥተው ፊቴ አስቀመጡ። ዙሪያዬን የተሰበሰበው ሁሉ የሕግ ምክር ይሰጣል። አንዱ ላቦራቶሪው ተሳስቷል በሉ አለ፤ አንዷ ሆስፒታል ሕፃን ተለዋውጦብኝ ነው ትበል አለች። አገራችን ሁሉም ሰው ሐኪም ነው፤ እዚያ ደግሞ ሁሉም ሰው ጠበቃ ነው። ጫልቱ ሁሉንም ሰምታ አሜን ብላ ተነሣች፤ ማታ ሺፍት ነበራት። የምትሠራው አረጋውያን መጦሪያ ነው፤ የሰው እናት ታጥባለች፣ ታበላለች።

አራተኛው ቀን

ጠበቃዋ ሊንዳ ትባላለች። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። ቢሮዋ የገባነው እኩለ ቀን ላይ ነበር። በአንድ እጇ ሳንድዊች ይዛ እየበላች በሌላው እጇ የእኛን ፋይል ከፈተች። ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ምሳና መዝገብ አብረው ሊከፈቱ እንደሚችሉ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አስቤው አላውቅም። ያን ቀን ሌላ ነገር በደንብ አልሰማሁም።

የሰማሁት ዋናው ነገር ይሄ ነው። ቅጹ ላይ ልጅቷ ምንሽ ናት የሚል ጥያቄ አለ፤ ጫልቱ ልጄ ብላለች። በጉዲፈቻ ነው ወይ የሚለውን ባዶ ትታዋለች። እኛ ዘንድ ያ መሐላ መጠበቅ ነው፤ እነሱ ዘንድ መደበቅ ነው። ስለዚህ ሐሙስ ዕለት ስንቀርብ የኢሚግሬሽን መኮንኑ የመጀመሪያ ጥያቄው ይህችን ልጅ ወልደሻታል ወይ የሚል ይሆናል አለች ሊንዳ፤ ጫልቱም አልወለድኳትም ብላ በግልጽ መመለስ አለባት። ቱሉ ተረጎመላት።

"እሱን አልልም" አለች ጫልቱ።

ሊንዳ እውነት እኮ ነው፣ እውነቱን ተናገሪ ነው የምልሽ አለቻት።

"እውነት መሆኑንማ አውቃለሁ። እውነት ባይሆን ምን ያስምለኝ ነበር?" አለች። "ይቺ ልጅ ትልቅ ሆና አንድ ቀን ወረቀቱን ብታነብ፣ እናቴ ለአሜሪካ ስትል ካደችኝ እንድትል ነው? ቢሮ ገብቼ እሷን ክጄ፣ እሷን ላምጣ?"

ዝም ካልሽ ይዘጉታል አለች ሊንዳ። ከተዘጋ ደግሞ ማጭበርበር የሚለው ቃል ፋይሉ ላይ ይቀራል፤ ሌላ ማመልከቻም ያበላሻል። ጫልቱ ጃኬቷን ለበሰች። ቀድማን ወደ መኪናው ወጣች።

አምስተኛው ቀን

ሊንዳ ሴይንት ፖል በአንድ የሕግ ትምህርት ቤት ስለዚሁ ምርመራ ክርክር አለ ብላ ጋበዘችን። አሜሪካኖች ነገር ሲከብዳቸው አዳራሽ ገብተው በኩኪስና በታሸገ ውኃ ይከራከሩበታል። እያንዳንዱ ተናጋሪ የሚሰጠው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ሰዓት የምትይዝ ሴት ካርድ ስታነሳ አፉ ላይ የነበረውን ቃል እንኳ ሳይጨርስ ይቀመጣል። አዳማ ችሎት እንዲህ ያለ ካርድ ቢኖር ስንት ጠበቃ ሥራ ይፈታ ነበር።

መጀመሪያ ጺማም ፕሮፌሰር ተነሣ። እዚሁ ሚኒሶታ ባለትዳር ሴት ስትወልድ ሕጉ ባልየውን አባት ነው ብሎ ይነሳል፤ በር ላይ ቆሞ ጥጥ የሚያስነክስ የለም አለ። ለራሳችን ቤተሰብ ማለት አብሮ መኖርና ማሳደግ ነው፤ ከአፍሪካ ለሚመጣው ግን ምራቅ ሆኗል ብሎ ተቀመጠ። ተጨበጨበለት። እኔም አጨበጨብኩ።

ቀጥላ የተነሣችው ድሮ በመንግሥት ሥራ ላይ የነበረች አጭር ሴትዮ ናት። አዳራሹ አልወደዳትም። እሷ ግን ሳትቆጣ፣ የሐቀኛውን ቃል ብቻውን ካመንኩ የውሸታሙንም ማመን አለብኝ፤ ፊታቸው አንድ ነው፤ ደም አልፈልግም፣ በጊዜው የተጻፈ አንድ የፍርድ ቤት ወረቀት ይበቃኛል አለች። ከኋላ አንድ የእኛ አገር ሰው ተነሥቶ፣ የወንድሙን ልጅ የቪዛ ቦታ ለባዕድ የሸጠ ሰው አውቃለሁ፣ እሱ ስለሸጠ ነው የእኔ እናት የምትመረመረው አለና ተቀመጠ። ማንም አላጨበጨበም። እኔ ግን ሴትዮዋ ያለችው ሆዴ ውስጥ ገብቶ ቀረ። ያ አንድ ወረቀት ያን ዓርብ መሳቢያዬ ውስጥ ነበር፤ ባዶውን። ቱሉ ጆሮዬ ላይ ጠጋ ብሎ ሴትየዋ ጨካኝ ናት አለኝ። አይደለችም ልለው ፈልጌ ኩኪስ አነሣሁ፤ ከዚያ ቅቤ እንዳለው ትዝ ብሎኝ መልሼ አስቀመጥኩ።

ስድስተኛው ቀን

በሚያዝያ በረዶ ጣለ። ዶፍ ዝናብ ቢሆን ይገባኛል፤ ይሄ ግን የተላከበትን አድራሻ የሳተ ይመስላል። መኪናው ከቆመበት አልወጣ ብሎ እኔ ከኋላ ስገፋ ጎማው ዞሮ ጥቁር ዝቃጩን ከእግር እስከ ራሴ ረጨኝ። እስከዚያ ቀን ሰላም ብሎን የማያውቅ ከታች ያለው ጎረቤት በካናቴራ ወጥቶ አካፋ አመጣና አወጣልን። ስሙን ስንጠይቀው ነግሮን፣ በሩን ዘግቶ ገባ። የእነሱ ደግነት እንዲህ ነው፤ አካፋ ይዞ ይመጣል፣ ሻይ ግን አይጠጣም። ትልቁንም የገበያ አዳራሽ አሳዩኝ፤ ውስጡ ባቡር የሚጋልቡበት መጫወቻ አለ። አየሁት።

ማታ ሲፈን ከአልጋዋ ላይ ሆና በእንግሊዝኛ ጠየቀችኝ። የገባኝን ያህል፣ ለሊሴ ስትመጣ እኔ የት እንደምተኛ ማወቅ ፈልጋለች። ወደ አገሬ እሄዳለሁ አልኳት። እሺ አለች፤ ተገላግላ ተኛች።

ተነሥቼ ወጥ ቤት ገባሁ። ጫልቱ ከሥራ መጥታ ለእኔ ሽሮ እየሠራች ነበር። ቆማ ስትሠራ ጀርባዋን እያየሁ ልናዘዝ አፌን ከፈትኩ። ጫልቱ፣ ያን ዓርብ ዕለት ብዬ ጀመርኩ። እሷ ሳትዞር፣ "ያን ቀን አይረሳኝም" አለች። "ስንቱ ባለሥልጣን ፊቱን ሲያዞርብን፣ እርስዎ ብቻ ለልጄ አሰቡላት።" ሽሮውን ፊቴ አስቀመጠችው። በላሁ። በጣም ጥሩ ሽሮ ነበር።

ሰባተኛው ቀን

ሐሙስ ጠዋት ብሉሚንግተን ወዳለው ቢሮ ስንሄድ መኪናው ውስጥ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ሕግ አላውቅም፤ መዝገብ ግን አውቃለሁ። የመዝገብ ትልቁ ምሥጢር ቅደም ተከተሉ ነው። ሊንዳን እንዲነግራት ለቱሉ፣ "ምስክር ይቅደም በላት። ጫልቱ ከእኔ በኋላ ትጠየቅ" አልኩት። ሊንዳ ለምን ሳትል መኮንኑን ጠየቀችው። እሱም ዓሣ የተሳለበት ክራባት ያሰረ ትልቅ ሰውዬ ነው፤ ለእኔ ልዩነት የለውም አለ። ቀኝ እጃችንን አንሥተን ማልን። አስተርጓሚው በስልክ ነው፤ የት እንዳለ እግዜር ይወቅ።

ጠየቀኝ፤ መለስኩ። የበጉን ቀለም ሳይቀር ነገርኩት። ልጅቷ ከየትኛዋ ሴት እንደተወለደች፣ ስንት ወሯ እንደነበረ፣ ጫልቱ ምን ብላ እንደማለች ተናገርኩ። "ጫልቱ አልወለደቻትም" አልኩ። "እኔ ያኔ አልማልኩም፤ ስለዚህ እኔ መናገር እችላለሁ።" መኮንኑ መጻፉን አቁሞ አየኝ።

ከዚያ ያላሰብኩትን ጠየቀ። ሕጉ በፍርድ ቤት ይጸድቃል ካለ ለምን አልሄዱም አለ። ሄደዋል አልኩ፤ በሳምንቱ፣ ሕፃኗን ታቅፈው፣ እኔ ቢሮ። ታዲያ ለምን መዝገብ አልተከፈተም?

ሊንዳ ያዘጋጀችልኝ መልስ ነበር፤ ስለ ባህል ክብር፣ ስለ መሐላ ምሉዕነት። ያማረ መልስ ነው፤ አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ለራሴም ያልኩት እሱኑ ነው። ቀኝ እጄን አየሁት።

"ምሳ ሰዓት ስለደረሰ" አልኩ።

አስተርጓሚው በስልክ ይድገሙልኝ አለኝ። ደገምኩለት። "ርቦኝ ነበር። በያይነቱ እንዳያልቅብኝ ብዬ መለስኳቸው።" የቱሉ ወንበር ሲንቀሳቀስ ተሰማኝ። ጫልቱን ማየት አልቻልኩም።

መኮንኑ ረጅም ጊዜ ጻፈ። ከዚያ ወደ እሷ ዞሮ ወልደሻታል ወይ ሊላት አፉን ሲከፍት ሊንዳ የምስክሩን ቃል እንድታረጋግጥ ብቻ ጠይቃት አለችው። እሱም ወረቀቱን አየና ጥያቄውን ለወጠው። ይህ ሰው የተናገረው እውነት ነው?

ጫልቱ መጀመሪያ እኔን አየችኝ። "ያለው ሁሉ እውነት ነው" አለች። "የምሳውን ግን አሁን ነው የሰማሁት።"

መኮንኑ ውሳኔውን እዚያው ነገረን። ፍርድ ቤት ድረስ ሕፃን ይዞ የሄደ ሰው የሚደብቅ አይመስልም፤ ማጭበርበር የሚለውን ለጊዜው ወደ ጎን አደርገዋለሁ። የተሰጣችሁ ሦስት ወር ነው፤ ያ ጉዲፈቻ በሕግ የጸና መሆኑን የሚያረጋግጥ ውሳኔ ከአገራችሁ ፍርድ ቤት አምጡ አለን። ካልመጣ ይዘጋል።

ስንመለስ ከኋላ ወንበር ብቻዬን ተቀመጥኩ። መንገድ ላይ ጫልቱ፣ "ጥሩ ነበር?" አለችኝ።

"ምኑ?"

"በያይነቱ።"

"ጥሩ ነበር" አልኳት። መዋሸት የባሰ መሰለኝ።

"ስምንት ዓመት፣ ጋሼ ግዛው" አለች። ማታ ሽሮ ሠርታ አቀረበችልኝ፤ ጨው አልነበረውም። አልጠየቅኩም።

ስለ ምላሹ መንገድና ስለ ቀሪው

በማግስቱ አየር ማረፊያው ላይ ጫልቱ ባዶውን የጭኮ ዕቃ አጥባ ሰጠችኝ፤ ውስጡ ለለሊሴ ካልሲና የፀጉር ማስያዣ አለ። ይቅርታ ጠየቅኳት። ወረቀቱን ይላኩልኝና ያኔ እናወራለን አለችኝ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ለሊሴ እንዳትሰማ" አለች። እዚህ ላይ ነው የጨነቀኝ፤ ምክንያቱም በዚህ ዕድሜ ያለችን ልጅ ፍርድ ቤቱ ራሷን ሳይጠይቅ እንደማያጸድቅ እኔ አውቃለሁ። ለጫልቱ ግን አልነገርኳትም። እንደገና ፈሪ ሆንኩ።

ፋሲካ አልፎ በሁለተኛው ሰኞ የቱሉና የጫልቱን ውክልናና የሊንዳን ደብዳቤ ይዤ፣ ለሊሴን አስከትዬ የድሮ ቢሮዬ ሄድኩ። በእኔ ወንበር ላይ የተቀመጠው ልጅ ጎበዝ ነው ይሉታል። ተራ ጠብቀን መስኮቱ ጋ ስንደርስ ለስድስት አሥር ጉዳይ ነበር። ወረቀቱን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ፣ በጣም በለሰለሰ ድምፅ፣ "አባቴ፣ ከምሳ በኋላ ይመለሱ" አለኝ። ያንን ድምፅ አወቅሁት፤ የራሴ ነው።

"አልመለስም" አልኩት። ወንበር ስቤ በሩ ላይ ተቀመጥኩ። እኔን ሳይረግጥ መውጣት አይችልም። ፊት ለፊት ካለው ምግብ ቤት የጥብስ ሽታ ይመጣል፤ ልጁ ምራቁን ይውጣል፣ እኔም እውጣለሁ። ማን መሆኔን የሚያውቅ አንድ የድሮ ተላላኪ ጆሮው ላይ አንድ ነገር ነገረው። ልጁ ተንፍሶ ብዕሩን አነሣ።

የአመልካች ስም ጻፈ፣ አድራሻ ጻፈ። ከዚያ ቀና ብሎ ለሊሴን፣ "የእናት ስም?" አላት።

"ጫልቱ" አለች።

"በጉዲፈቻ የወሰደችሽን አይደለም። የወለደችሽን ነው የምልሽ።"

ከወንበሬ ተነሣሁ። እንዲህ እንድትሰማው አልፈለግሁም፤ ቤት ወስጄ፣ ቀስ ብዬ፣ አክስቷ ባለችበት ብዬ ነበር ያሰብኩት። ፊቷን አየሁ። ምንም አልተለወጠም። የእናቷን የፀጉር ማስያዣ አስተካከለች።

"እሱን ጋሼ ግዛውን ይጠይቋቸው" አለችው። "እናቴ ያላለችውን እኔ አልልም።"

ልጁ ወደ እኔ ዞረ። የወለደቻትን ሴት ስም ነገርኩት፤ ጻፈው። መዝገቡ ሲከፈት ስድስት ሰዓት ከሩብ ሆኖ ነበር።